ሥራ የፈታው ጉድጓድ

ልብስ ሰፊው ሙዘይን። ቅቤ ነጋዴዋ ዘነበች። ጉድጓድ ቆፋሪው ጋሽ ተክሌ። ባለቤቴ አስካለ። ልጄ ምሕረት። መጨረሻ ላይ እኔ፣ ዘውዴ፣ ቧንቧ ሠራተኛው። ከዚህ በታች የምጽፈውን ነገር ያደረግነውም የደረሰብንም በአንድ ግቢ፣ በአራት ቤት የኖርነው እኛ ነን። ጋሽ ተክሌና አስካለ አርፈዋል። ሙዘይን ቤቱን አከራይቶ ልጁ ጋ ገብቷል። ዘነበች አሁንም ከእኔ ጋር ግድግዳ ተጋርታ ትኖራለች። ምሕረት ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሁለት ልጆቿ ጋር ተከራይታለች። እኔ ከአየር ጤና ገባ ብሎ ቁልቁለቱ ላይ፣ በዚያው ግቢ፣ በዚያው ቤት አለሁ።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰው አንድ ወረቀት ነው። ከሁለት ወር በፊት፣ እሁድ ከሰዓት፣ ምሕረት መጣችና ከቦርሳዋ አራት ቅጠል ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። መሥሪያ ቤቷ ሥልጠና ልኳት ነበር። ወረቀቱ አንድ ቤተሰብ በየዕለቱ ኑሮው ውሃውንም ዕቃውንም ሳያባክን እንዴት መኖር እንደሚችል ያስተምራል።

"አባዬ፣ አንተ ስትለው የኖርከውን ነው የሚለው" አለችኝ።

"እኔ የምለውን ለመስማት ሥልጠና መሄድ አስፈለገሽ?"

"የአንተ አበል የለውማ!"

እሷ ሳቀች። እኔ የጽሑፍ ነገር እጄ ላይ ሲሆን አልስቅም። መነጽሬን አድርጌ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። የጣራ ውሃ አጠራቅሙ ይላል። ልብስ ያጠባችሁበትን ውሃ ለጓሮ አትክልት አውሉት ይላል። የተበላሸ ዕቃ ከመጣላችሁ በፊት አስጠግኑት፣ ገበያ ስትሄዱ መያዣ ይዛችሁ ሂዱ፣ የምግብ ትራፊን ከሌላው ቆሻሻ ለዩ ይላል። አንዱም ስህተት የለበትም። ሆኖም አንብቤ ስጨርስ ከፋኝ። እኛ ይህን ሁሉ እናደርግ ነበር፤ ማንም ሳያሠለጥነን፣ ያውም አብልጠን። ያን አኗኗር ያፈረሰው ደግሞ ከውጭ የመጣ ሰው አይደለም።

ያኔ በግቢያችን የሚጣል ነገር አልነበረም። ድህነት ነው የሚለኝ ይኖራል። ድህነትም ነበር፤ ግን ድህነት ብቻ አልነበረም። ዘይትና ላምባ ለመግዛት የየራሳችንን ጠርሙስ ይዘን እንሄዳለን፤ ባለሱቁ በቆርቆሮ መስፈሪያ ለክቶ ይሞላልናል። የላምባው ጠርሙስ ከዘይቱ እንዳይምታታ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ይታሰራል። ፌስታል የሚባል ነገር የለም፤ ዘንቢል ነው ያለው፤ ጆሮው ሲበጠስ ይጠገናል። ዘነበች የምታመጣው ቅቤ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው፤ ቅቤው ሲሸጥ ቅጠሉን በጓ ትበላዋለች። የሸሚዝ ኮሌታ ሲያልቅ ሙዘይን ይፈታውና ገልብጦ መልሶ ይሰፋዋል፤ ዋጋው አንድ ብር ከስሙኒ ነበር። ሁለተኛው ፊትም ካለቀ ሸሚዙ የቤት ልብስ ይሆናል፣ ከዚያ የሕፃን መጠቅለያ፣ ከዚያ የወለል መወልወያ፣ በመጨረሻ ተገምዶ የኩራዝ ክር። አንድ ቡናማ ካኪ ሱሪ ነበረኝ፤ ጉልበቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተጥፎ ሰባት ዓመት ለብሼዋለሁ፤ ሙዘይን መጣፊያውን እንዲህ አድርጎ ይሠራው ስለነበር ሰው ፋሽን ይመስለው ነበር። የእኔ ሹራብ ሲያረጅ አስካለ ትተረትረውና ለምሕረት ሌላ ትሠራላታለች፤ ልጄ እስከ አሥር ዓመቷ ድረስ የለበሰችው ሹራብ ሁሉ አስቀድሞ የእኔ ነበር። ዓርብ ጠዋት "ቆራሌው!" እያለ የሚያልፈው ሰውዬ ከእኛ ግቢ የሚወስደው አያገኝም። አንድ ቀን መሮት፣ "እናንተ ሰዎች ምንም ነገር አትጥሉም እንዴ?" ሲል ዘነበች ከውስጥ ሆና፣ "ሚስትህ አንተን የጣለችህ ቀን ና፣ እሱን እናነሳለን!" ብላ መለሰችለት። ከዚያ በኋላ ሲያልፍ የእኛን በር ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

አሁን አየር ጤና መጋጠሚያው ላይ ሚኒባስ ስጠብቅ የሙዘይን ሱቅ የነበረበትን ማዕዘን አየዋለሁ። ያኔ ውይይት ታክሲ በስሙኒ ተሳፍረን የምንወርድበት ፌርማታ ነበር፤ ሙዘይን የልብስ ስፌት መኪናውን እየረገጠ ከሬዲዮው ዘፈን ጋር አብሮ ያንጎራጉራል፣ የመርገጫው ምትና የዘፈኑ ምት ስለማይገጥም ራሱ ይስቃል። አሁን እዚያ ቦታ የሚሸጠው አንድ ክረምት የማይዘልቅ ጫማ ነው። ከፊቱ ያለው ቦይ በፌስታልና በውሃ ፕላስቲክ ተደፍኗል፤ ዝናብ ሲመጣ ውሃው መንገዱ ላይ ይተኛል። ነፋሱ ከቆሼ፣ ከከተማው ቆሻሻ መጣያ በኩል ሲነሳ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ይራገማል። የሚሸተው ግን የሁላችን ጓዳ ነው፤ ትናንት ከየቤታችን ያወጣነው ነው። ይህን ለመንደርተኛው ስናገር ሰበከን ይሉኛል። ይበሉኝ። ስብከቱ ላይ የራሴን ጥፋት ስላልጨመርኩበት ግን እስከ ዛሬ ጎዶሎ ነበር።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል ያስቆጠረኝ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ነው፤ የተቀረውን የተማርኩት ከመጠቅለያ ጋዜጣ ነው። ያኔ ስኳርም፣ ጨውም፣ ሳሙናም የሚጠቀለለው በአሮጌ ጋዜጣ ነበር። አስካለ ስኳሩን ዕቃ ውስጥ ሳትገለብጠው ወረቀቱን እነጥቃታለሁ። አስተካክዬ፣ በመዳፌ ተኩሼ፣ ማታ ከራት በፊት አነበዋለሁ። ስለ ጨረቃ አንብቤያለሁ፤ ስለ ልብ ቀዶ ጥገና፣ ስለ ግብርና፣ ስለ ድልድይ አሠራር አንብቤያለሁ። ባለሱቁ ጋዜጣውን ለሁለትና ለአራት ስለሚቀደው ብዙውን ነገር መጨረሻውን አላውቀውም። ቢሆንም ከግቢው ሰው ሁሉ የማነበው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሊቅ ነበርኩ። ክርክር ተነሥቶ "ዘውዴ አንብቦታል" ከተባለ ክርክሩ ያልቃል። ቧንቧ ሙያንም እንዲሁ አየት አየት አድርጌ፣ አንብቤ፣ አበላሽቼ ነው የለመድኩት። ለመኩራራት አይደለም ይህን የምጽፈው። ጥፋቱ የጀመረው እዚህ ጋ ስለሆነ ነው።

ጉድጓዱን የቆፈረው ጋሽ ተክሌ ነው። ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጠን ነበር፤ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጥቂት ሰው። አንድ በጋ ሙሉ ለብቻው ቆፈረው፤ እኛ አፈሩን በገመድ እየሳብን እናወጣ ነበር። ሲቆፍር ያዜማል። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ዜማው እየራቀ፣ እየወፈረ ይመጣል፤ አስካለ "ዛሬ ስንት ሜትር ደረሰ?" ብላ ሳትጠይቅ ከድምፁ ታውቀው ነበር። አሥራ አንድ ሜትር ላይ ውሃ ወጣ። ጋሽ ተክሌ በመዳፉ ጠጥቶ ከታች "ጣፋጭ ነው!" ብሎ ጮኸ። መቅጃውን ከመኪና የውስጥ ጎማ፣ ከካላማዳሪያ፣ እኔው ሠራሁት። መጋቢት ላይ ሰፈሩ በሙሉ ሲደርቅ የእኛ ጉድጓድ አይጎድልም ነበር፤ ጥርስ እስኪያም ይቀዘቅዛል። የውሃው ሥርዓት ደግሞ የታወቀ ነው። ሩዝና ምስር የታጠበበት ውሃ ለዘነበች በግ፤ ልብስ የታጠበበት ለጌሾውና ለቆስጣው፤ እግር የታጠብንበት አቧራ እንዳይነሳ ለግቢው መርጫ። አንድ ሕፃን ግማሽ ኩባያ ውሃ መሬት ላይ ሲደፋ ካየን ከአራቱ ቤት የቀረበው ሰው ይቆጣዋል፤ የማን ልጅ ነው ብሎ የሚያጣራ የለም።

ከዚያ ቧንቧ ገባ። መስመሩን ወደ ግቢው ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ በዚያ ቀን የተሰማኝን ኩራት አልክድም። መጀመሪያ አካባቢ ውሃ በየቀኑ ይመጣ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ከጉድጓዱ የሚቀዳ ሰው ጠፋ። ገመዱ በሰበሰ። መቅጃውን አይጥ በላው። ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ፣ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። በእኛ ግቢ ደግሞ ሥራ የፈታ ነገር ማየት ያሳምመናል።

በዚያው ዓመት ሙዘይን ትልቋን ልጁን ሊድር ሆነ። ሙሽራው የመርካቶ ነጋዴ ልጅ ነው፤ የተከበሩ ሰዎች ይመጣሉ። የግቢያችን ሽንት ቤት ግን ሞልቷል፤ ርብራቡ ሲረግጡት ይንቋቋል። ሙዘይን ጨነቀው። ሰርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። አዲስ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ በድንጋይ አስገንብቶ፣ መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት ለማሠራት ስድስት መቶ ብርና አንድ ወር ያስፈልጋል። አራቱ ቤት ብንካፈለው መቶ ሃምሳ፣ መቶ ሃምሳ ብር ነው። ማታ ሙዘይን ቤት ተሰበሰብን።

"የተቆፈረ ጉድጓድ ግቢያችን ውስጥ ተቀምጦ ሌላ ጉድጓድ እንቆፍራለን?" ያልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ሙዘይን ፊቱ በራ። "ወላሂ እውነቱን ነው! አሥራ አንድ ሜትር ዝግጁ ጉድጓድ! ይኼን ትቶ ሌላ መቆፈር ብክነት ነው።"

"እሱ ጉድጓድ አይደለም" አለ ጋሽ ተክሌ። "ውሃ ነው።"

"አሁን ማን ይጠጣዋል?" አልኩት።

"ከበታቻችን ሰው አለ። ውሃው እዚህ ተኝቶ የሚቀር መሰላችሁ? ይሄዳል። ስቆፍር አይቼዋለሁ፤ በዚያ በኩል ገብቶ በዚህ በኩል ይወጣል።"

"አፈር ያጣራዋል፣ ጋሽ ተክሌ። አንብቤዋለሁ።"

"የት?"

ተነሥቼ ቤቴ ሄጄ ወረቀቱን አመጣሁት። ስኳር የተጠቀለለበት ግማሽ ገጽ ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦ ቆሻሻ ውሃ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ እየተጣራ ይሄዳል። እዚያ ላይ አቆምኩ። ወረቀቱ ላይ ግን ከዚያ ቀጥሎ "ይሁን እንጂ" የሚል ነበረበት። ከይሁን እንጂ በኋላ ያለው ተቀዶ ነበር፤ ሌላ ሰው ቤት፣ ሌላ ስኳር ጠቅልሎ ሄዷል። እኔ ይሁን እንጂ የሚለውን አላነበብኩላቸውም። አይቼዋለሁ፤ በደንብ አይቼዋለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ያላለቀ መሆኑን አውቅ ነበር። መሸነፍ ስላልፈለግኩ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

"እኔ ማንበብ አልችልም" አለች ዘነበች፤ "ዘውዴ ካለ ምን እላለሁ። ብቻ በመቶ ሃምሳ ብር ስንት ኪሎ ቅቤ እንደማገላብጥበት እኔ ነኝ የማውቀው።"

አስካለ ብቻ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። "እርግጠኛ ነህ?" አለችኝ ቀስ ብላ። "ተጽፏል እኮ" አልኳት።

ጋሽ ተክሌ ተነሥቶ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና፣ "እንግዲህ የተማረው ተናግሯል" ብሎ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ያን ሽንት ቤት አንድም ቀን አልተጠቀመበትም። ዝናብ ሆነ ፀሐይ፣ ጃንጥላውን ይዞ ከአስፋልቱ ማዶ ወዳለው የቀበሌ ሽንት ቤት ይሄድ ነበር። "ጋሽ ተክሌ፣ የሄዱበት ቪዛ ተሳካ?" እያልን እንስቅበት ነበር።

በአራት ቀን ጨረስኩት። ቱቦውን ቀበርኩ፣ ጉድጓዱን በኮንክሪት ከደንኩ፣ ከላዩ አፈር መለስኩ። ሰርጉ አማረ። የሙሽራው አጎት ከሽንት ቤት ሲመለስ ለሙዘይን "ቤርጎ ከፈታችሁ እንዴ?" ብሎ ቀለደ፤ ሙዘይን ያን ቀልድ ዓመት ሙሉ ሲደጋግመው ነበር። የተረፈውን መቶ ሃምሳ ብር እኔ ለምሕረት ደብተርና ጫማ አዋልኩት። ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። ጉድጓዱ የት ሄደ ብላ ስትጠይቀኝ፣ "ልጅ እንዳይገባበት ከደንነው፣ ውሃው ከሥር አለ" አልኳት። ለሕፃን የተነገረ ትንሽ ውሸት መስሎኝ ነበር። የሰፈሩ ሽንት ቤት ሁሉ ሲሞላ፣ መጣጭ መኪና እየተለመነ ሲመጣ፣ የእኛው ሞልቶ አያውቅም ነበር። "የዘውዴ ሥራ ነው" እያሉ ሰው አምጥተው ያሳዩ ነበር። እኔም ለምን እንደማይሞላ አንድም ቀን ራሴን አልጠየቅኩም።

ዓመቱ እየተደራረበ ሲሄድ ቧንቧው መድረቅ ጀመረ። በየቀኑ ይመጣ የነበረው በሳምንት ሁለቴ፣ ከዚያ በፈረቃ፣ አሁን ደግሞ አንዳንዴ አሥራ አምስት ቀን ይጠፋል። ጀሪካን በጋሪ የሚያመጡ ልጆች አንዱን ሠላሳ ብር ይሸጡልናል። ጌሾው ደርቆ ተነቀለ፤ በቆስጣው ቦታ ላይ የቆርቆሮ ክፍል ተሠርቶ ተከራየ። የጣራ ውሃ እናጠራቅማለን፤ ሆኖም ክረምት ሲያልፍ በርሜሉ ስንት ቀን ይቆያል?

እንግዲህ ያን እሁድ፣ ወረቀቱን አንብቤ ስጨርስ፣ ምሕረት ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

"አባዬ፣ አንድ ነገር አስቤያለሁ። ጉድጓዱን እንክፈተው።"

መነጽሬን አወለቅኩ።

"አከራዬ ጨምሪ ብሎኛል፤ አልችልም። አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን ተሸክሜ ወገቤ አለቀ። እዚህ እንመጣለን፣ እኔና ልጆቹ። የቆርቆሮውን ክፍል ተከራይ ስታስወጣ ቆስጣና ሰላጣ እተክላለሁ። ውሃ ካለ ይሆናል፤ ሥልጠናው ላይ ያሳዩን ሴትዮ ከዚህ ጓሮ ባነሰ ቦታ ነው ልጆቿን የምታስተምረው። ዋናው ውሃው ነው። ውሃው ደግሞ እዚህ እግራችን ሥር ነው ያለው።"

ባሏ ሥራ ፍለጋ ከሄደ ጀምሮ ልጄ እንዲህ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም ነበር። እጇን እያወናጨፈች ጓሮውን በአየር ላይ ትከፋፍለው ጀመር። ያኔ መናገር ነበረብኝ። "እስቲ እናያለን" አልኩ። ወደ ዘነበችም ሄዳ ጠየቀቻት። ዘነበች "አባትሽን ጠይቂ፣ እሱ ነው የሚያውቀው" አለቻት። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት በየቀኑ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ አደርኩ። ስልክ ስትደውል ስለ ልጆቹ እጠይቃታለሁ። ለአከራይዋ ለቅቄያለሁ ብላ እንደነገረችው ስትነግረኝም "ደህና አደረግሽ" አልኳት። ይህችን ቃል ከአፌ እንዴት እንዳወጣኋት እስከ ዛሬ አላውቅም። ውሸትን በቀበቶ ከልጅ ጀርባ ላይ አወጣለሁ የምል ሰው ነበርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ጉድጓድ ጠራጊ ይዛ መጣች። ባህሩ ይባላል፤ የሰፈሩን ጉድጓድ ሲጠርግ የኖረ ሰው ልጅ ነው፣ ሥራውን ከአባቱ ወርሷል። ቀብድ ተቀብሏል። ገመድ፣ ባልዲ፣ ሁለት ፌሮ ይዟል። ምሕረት የእኔን አሮጌ ቱታ ለብሳ አፈሩን ራሷ በአካፋ ገለጠችው። እኔ በሩ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጬ ነበር። ኮንክሪቱ ሲታይ "ይኸውና!" ብላ ጮኸች። ባህሩ ፌሮውን ከክዳኑ ሥር አስገብቶ ተጫነው። ክዳኑ ተነሣ።

ሽታው እኔ ድረስ መጣ። ዘነበች ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

ባህሩ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። "እህቴ፣ ጉድጓድ ነው ያልሽኝ።"

"ጉድጓድ ነው።"

"ይኼ ሽንት ቤት ነው። ቱቦው ይኸው፤ አሁን እንኳ እየወረደበት ነው።"

ምሕረት አጎንብሳ አየች። ከዚያ ቀና ብላ ወደ እኔ አየች። ዘነበች፣ "ዘውዴ፣ አልነገርካትም እንዴ? እኔኮ አውርታችሁ ሌላ መላ ያገኛችሁ መስሎኝ ነው!" አለች።

"አባዬ፣ ታውቅ ነበር?"

"እኔ ነኝ የሠራሁት።"

"እሱን አልጠየቅኩህም። ቤቴን ስለቅ፣ ለሰውየው ቀብድ ስከፍል ታውቅ ነበር ወይ ነው ያልኩህ።"

"አውቅ ነበር።"

አካፋውን ግድግዳው ላይ በቀስታ አስደገፈችው። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር። "የክፍል ልጅ እርሳስ ይዤ መጥቼ የእኔ ነው ያልኩ ቀን ያደረግከኝን ታስታውሳለህ?" አለችኝ። አስታውሳለሁ አልኩ።

ባህሩ ግን አሁንም ጉድጓዱን እያየ ነበር። "አባቴ፣ ይኼ ከመቼ ጀምሮ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው።"

"ለካ ከዚህ ነው" አለ ለራሱ እንደሚናገር። "ከበታቻችሁ አራት ግቢ ጉድጓድ ነበራቸው። እኔና አባቴ ነን አንድ በአንድ የደፈንናቸው። መጀመሪያ ከሁሉም የሚቀርባችሁ ሸተተ፣ ከዚያ ቀጣዩ። ምክንያቱን ያወቀ የለም። ሰው ሁሉ ቆሼን ነበር የሚያማው።"

"ይጸዳል?" አለች ምሕረት።

"መምጠጥ ይመጠጣል። ውሃውን ግን እኔ ልጄን አላጠጣም፤ የልጅ ልጄም ይጠጣዋል ብዬ አላስብም።" ከዚያ ክዳኑን መልሶ ዘጋው። ቀብዱን ሊመልስላት እጁን ኪሱ ከተተ፤ አልቀበልም አለችው።

በማግሥቱ ልብሴን ለብሼ ወደ ታች ወረድኩ። አራቱም ቤት ገብቼ መናገር አለብኝ ብዬ ነው። የመጀመሪያው ግቢ በሙሉ ተከራይ ነው፤ አንድ ወጣት ወጣና "አባባ፣ እዚህ ጉድጓድ ነበር እንዴ?" አለኝ። ሁለተኛው ሦስት ፎቅ ሆኗል፤ ዘበኛው ባለቤቶቹ የሉም አለ። ሦስተኛው ቤት አንዲት ሴት አስገብታ አስቀመጠችኝ። ነገሩን ከነይሁን እንጂው ነገርኳት። "ያኔ አንድ ክረምት ልጆቼ ሁሉ ታመው ነበር" አለችኝ። "ውሃው ይሆናል ብለን ማን ጠረጠረ። ጎመኑ ነው ተባለ። እኛም ጎረቤታችንም የተከልነውን ጎመን ከነሥሩ ነቅለን ጣልነው፤ ከዚያ ወዲህ ጓሮ ተክለን አናውቅም።" ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ሻይ ልታፈላልኝ ተነሣች፤ አልጠጣም ብዬ ወጣሁ። ያ የነገረችኝ ጎረቤት አራተኛው ቤት ነው፤ ባለቤቱ ሽማግሌ ነው። ሰማኝና፣ "አሁን ማን ጉድጓድ ይጠጣል ብለህ ነው? በቃ፣ አለፈ" አለኝ። ይቅር ማለቱ አልነበረም። ነገሩ ከእንግዲህ ለማንም ለምንም እንደማይሆን ነው የነገረኝ።

ሽንት ቤቱን ወደ ሌላ ጉድጓድ እናዙረው ብዬ ግቢውን ሰብስቤ ነበር። ዋጋውን አስጠናሁ። ተከራዮቹ ባለቤት ይክፈል አሉ፤ የሙዘይን ልጅ በስልክ አሁን አይመቸኝም አለ፤ ዘነበች የላትም፤ እኔም ለብቻዬ አልችልም። ቱቦው ዛሬም እዚያው ይፈስሳል።

ምሕረት አከራይዋን ለምና፣ የጨመረውን ሁሉ እሺ ብላ ቀረች። ትናንት ደውላልኝ ነበር። መቼ ትመጫለሽ አልኳት። "ልጆቹ ትምህርት ቤታቸው እዚህ ነው፣ አባዬ፣ መንገዱ ይርቃቸዋል" አለችኝ። የልጆቹ ትምህርት ቤት ከእሷ ይልቅ ለእኔ ቤት እንደሚቀርብ ሁለታችንም እናውቃለን። እንዲህ አድርጎ ድምፅን ሳይቀይሩ መዋሸትን ከማን እንደተማረችም አውቃለሁ።

ወረቀቱን ላነበበ ሁሉ የምመክረው ምክር የለኝም። ያጠፋሁትን ደምሬ ላስቀምጥ ብቻ ነው የተነሣሁት። ከየቤቱ እየጠየቅኩ ቆጠርኩ። አምስት ጉድጓድ። ሁለት የጎመን ጓሮ። በአምስቱ ግቢ ውስጥ ውሃ በጀሪካን እየገዛ የሚጠጣ አርባ ሦስት ሰው። ልጄንና ሁለቱን ልጆቿን ስጨምር አርባ ስድስት።